የዶክተር ሠርከአዲስ ኦሮምኛ

«ዶክተር፣ አስተርጓሚ ልጥራ?» ብሎ የጠየቃት ሰው ጉዱ ፈላ! ዶክተር ሠርከአዲስ ገብረ መድኅን ከእግር እስከ ራሱ ታየውና፣ «ጎባ ተወልጄ፣ ጎባ አድጌ፣ በገዛ አገሬ አስተርጓሚ?» ትለዋለች። ከዚያ ወደ በሽተኛው ዞር ብላ «አካም ጅርቱ?» ብላ ደህንነቱን ስትጠይቀው በሽተኛው ደስ ብሎት «ነጋ፣ ነጋ» ይላል፤ እሷም «አየህ?» በሚል ዓይን ጠያቂውን ትገላምጠዋለች። ውሸቷን አይደለም፣ ታውቃለች። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ የአቶ ገብረ መድኅን ልጅ ናት፤ ቤት ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ቢሆንም ከደጃፉ ከወጣች ጀምሮ ግን ኦሮምኛ ነበር፤ በተለይ በገበያ ቀን ከእናቷ ጋር ስትወርድ። ቅቤ ለመከራከር፣ ማር ቀምሶ ለመመለስ፣ ለመሰዳደብና ለመታረቅ የሚበቃ ኦሮምኛ ነበራት። ለሞት ለሽረት ነገር ይበቃ እንደሆነ ግን የጠየቃት የለም፤ እሷም ራሷን አልጠየቀችም።

የሚደፍራት ድሬሰሩ ጀሊል ብቻ ነበር። የሮቤ ሰው ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ቁስል ሲያጥብ የኖረ፣ ቀልድ የማያልቅበት። «ዶክተር፣ የእርስዎ ኦሮምኛ እኮ የገበያ ነው፤ ሁሉንም ነገር በኪሎ ነው የሚናገሩት» ይላታል። ትስቃለች እንጂ አትሰማውም።

ትምህርቷን በ1974 ዓ.ም. ጨርሳ የምድብ ዕጣ ሲወጣ የባሌው ጎባ ሆስፒታል ደረሳት። ጓደኞቿ «አይዞሽ» ሊሏት ቢመጡ እልል ብላ ጠበቀቻቸው። ሐሳቧ ሁለት ዓመት አገሯን አገልግላ፣ ወደ አዲስ አበባ ተመልሳ ቀዶ ጥገና መማር ነበር። እጇ ፈጣን ነው፤ አፏም እንደዚያው። የሕፃናቱ ክፍል ኃላፊ ሲስተር ሸዋርጋ ሠርከአዲስን ከእናቷ ጀርባ ሳትወርድ ጀምሮ የምታውቅ ሴት ናትና፣ «ሠርኬ፣ እጅሽ የተባረከ ነው፤ አፍሽን ግን አንዳንዴ አሳርፊው» ትላት ነበር። ምን ዋጋ አለው! በሃያ ስድስት ዓመቱ ምክር የሚሰማ ሰው ያየ እስቲ ይምጣና ይንገረኝ።

ኅዳር 1975 ላይ ጉሉማ የሚባል ገበሬ ከሚስቱ ከሲምቦ ጋር ልጁን ተሸክሞ መጣ። ከሃረና ጫካ ነው፣ አንገቱ ከሚባለው ቦታ አካባቢ፤ ሁለት ቀን በእግር፣ አንድ ቀን ደግሞ ቡና በጫነ መኪና ላይ ተጉዘው ነው የደረሱት። ልጁ ለታ ይባላል፣ ስድስት ዓመቱ ነው። ቀኝ መንጋጋው አብጦ ዓይኑን ሊከድነው ደርሷል። በሰፈሩ ጥርስ የሚነቅል ሰው ጥርሱ ነው ብሎ ሁለቱን ነቅሎለት ነበር፤ ጭራሽ ባሰበት። እብጠቱ ከጀመረው ገና አምስት ሳምንቱ ነው።

ሠርከአዲስ መንጋጋውን ዳብሳ ሳትጨርስ የድሮ አስተማሪዋ ንግግር ትዝ አላት። «ወባ ባለበት በሞቃት አገር የሚኖር ሕፃን መንጋጋው በጥቂት ሳምንት እንዲህ ካበጠ ካንሰር መሆኑን አትርሱ። ካንሰር ነው ብላችሁም እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ፤ ይኼኛው በመድኃኒት የሚቀልጥ ነው» ይሉ ነበር። ተማሪው ሁሉ ለፈተና ሸምድዶ፣ ከፈተናው በኋላ አራግፎታል። እሷ አላራገፈችውም። በቀጭን መርፌ ከእብጠቱ ቀድታ፣ መስታወት ላይ ቀብታ፣ በአውሮፕላን ለእኒያው አስተማሪዋ ላከች። መልሱ በስልክ፣ መድኃኒቱ በሚቀጥለው በረራ መጣ፤ ለአንድ ሕፃን የሚበቃ ስድስት መርፌ፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ የሚወጋ።

ዋናው ሐኪም ዶክተር ኃይለየሱስ ብልቃጦቹን በእጁ እያገላበጠ አያቸው። ብዙ ያየ፣ ነገር የማያስጌጥ ሰው ነው።

«ስሚ» አላት። «አንድ መርፌ ወስዶ ከሚጠፋ ጭራሽ ባይጀምረው ይሻላል። እብጠቱ ይቀልጣል፣ ቤተሰቡ ልጃችን ዳነ ብሎ ይዞት ይሄዳል፣ በወሩ ተመልሶ ይነሣበታል፤ ያን ጊዜ ይኸው መድኃኒት አይበግረውም። ስድስቱን ካላስጨረስሽው ልጁን አጣሽው ማለት ነው።»

«አስጨርሰዋለሁ» አለች። አፏን ሞልታ ነው ያለችው።

የመጀመሪያውን መርፌ ራሷ ወጋችው። በሦስተኛው ቀን የለታ ዓይን ተገለጠ። በአምስተኛው ቀን እብጠቱ እሳት እንደነካው ቅቤ ሟሙቶ መንጋጋው መንጋጋ መሰለ። ሠርከአዲስ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም! ቀዶ ጥገናውንም፣ አዲስ አበባውንም፣ ሁሉንም ረሳችው። አንድ ሕፃን ከሞት አፍ እንዲህ በዓይኗ እያየች ሲወጣ፣ ዕድሜዬን የምሰጠው ለዚህ ነው ብላ እዚያው አልጋው አጠገብ ቆማ ወሰነች። ልጁ ግን ገና ደካማ ነበር። መድኃኒቱ አስታውኮት፣ አቅም አሳጥቶት፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኝቷል።

ጉሉማ ከአልጋው ራስጌ ቆሟል፤ ሲምቦ የልጇን እግር ይዛለች። «ጀሊል ይጠራ?» አለች ሲስተር ሸዋርጋ። ጀሊል በሌላው ክፍል ቁስል እያጠበ ነበር። «ለምን ብሎ!» አለች ሠርከአዲስ። እብጠቱ ጠፍቷል፣ የለም ልትላቸው ነው፤ ይህን ለመናገር ደግሞ አስተርጓሚ? ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ፈገግ ብላ፣ በጣቷ ወደ ለታ እየጠቆመች፣ «ባዴራ! ሂን ጅሩ!» አለቻቸው። ጠፍቷል! የለም!

ጉሉማ ራሱን ነቀነቀ። ሲምቦ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። ሠርከአዲስ ደስታው ቃል ያሳጣቸው መሰላት። የሁለቱንም እጅ ጨብጣ፣ ልታፏጭ ምንም ያህል ሳይቀራት፣ ወደሚቀጥለው በሽተኛ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት የለታ አልጋ ባዶ ነው። የሆስፒታሉ አንሶላና ብርድ ልብስ በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል፤ አንድ ነገር ይዘው አልሄዱም። በጎረቤት አልጋ ልጇን የምታስታምም ኦብሴ የምትባል ሴት ነበረች፤ እንባዋን እየጠረገች ለጀሊል የሆነውን ነገረችው። ጀሊል ሰምቶ ሲያበቃ ሠርከአዲስን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ያ ቀልደኛ ሰው!

«ምንድን ነው? ንገረኝ እንጂ!» አለችው።

«ዶክተር፣ ትናንት ምን ነበር ያሏቸው?»

«እብጠቱ ጠፋ ነዋ! ባዴራ፣ ሂን ጅሩ።»

«እብጠቱን በስሙ ጠርተውታል?»

ወደ ለታ የጠቆመው ጣቷ ትዝ አላት።

«ባዴ ለዕቃ ከሆነ ጠፋ ነው» አለ ጀሊል፣ ወለሉን እያየ። «ለሰው ከሆነ ግን አለቀለት ማለት ነው። ልጁን እየጠቆሙ ‹አለቀለት፤ የለም› ነው ያሏቸው። እነሱ ደግሞ እብጠቱ ከላይ የጠፋው ወደ ውስጥ ገብቶበት ነው ብለው ፈርተው ነበር አሉ። እርስዎ ሲጨምሩበት አመኑ። በአገሩ፣ በወገኑ መካከል ይሙት ብለው ገና ሳይነጋጋ ወሰዱት።»

ሠርከአዲስ ባዶው አልጋ ላይ ዘጭ አለች። ሲስተር ሸዋርጋ አጠገቧ ቆማለች፤ ልታባብላት ግን አልሞከረችም። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ልጄ» ብቻ አለቻት። እውነት ነው፣ አይታሽም። የተሳሳተ መድኃኒት ሰጥታ ቢሆን ማርከሻ ትፈልግለት ነበር፤ የተሳሳተ ቃል ግን ሦስት ቀን በሚያስኬድ መንገድ ላይ ከለታ ጋር በአባቱ ጀርባ ታዝሎ እየሄደ ነው። እፍረቱ ፊቷን አቃጠላት። ቀጥሎ የመጣባት ቁጥር ነበር፦ ሁለተኛው መርፌ የሚወጋው በአሥራ አራተኛው ቀን ነው፤ ዛሬ ስድስተኛው ነው።

ዶክተር ኃይለየሱስ ቢሮ ገብታ ሁሉንም ሳትደብቅ ነገረችው። «በገበሬ ማኅበሩ በኩል መልእክት እንላክ» አላት።

«መልእክቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በወረቀት ደግሜ አላበላሸውም፤ ራሴ እሄዳለሁ።»

ወረቀትና ማኅተም ሳበ። ከዚያ የመሸኛ ደብዳቤውን ፈረመ። «አምስት ቀን ሰጥቼሻለሁ፤ ሌሎች አርባ ሕፃናት አሉሽ። ጀሊልን ይዘሽ ሂጂ። አንድ ነገር ደግሞ፣ አፍሽን ለጀሊል አበድሪው።»

ያን ጊዜ እንደ ልብ ተነሥቶ መሄድ የለም፤ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ በየኬላው መታየት አለ። ያን ሁሉ አሟልተው በማግስቱ ቡና ሊጭን ወደ መና ከተማ የሚወርድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ወጡ። ሳነቴ አምባ ላይ ንፋሱ ከጅብራው ተክል ጋር ይታገላል፣ ጆሮ ይቆርጣል፤ ሠርከአዲስ ግን ብርዱ አልታወቃትም፤ ሾፌሩን «ትንሽ አይነዱትም?» እያለች ነዘነዘችው። ሾፌሩም በመጨረሻ፣ «እመቤት፣ ገደሉን እርስዎ ይመልሱልኝና እነዳዋለሁ» አላት። የሪራን መንደር አልፈው ጫካው ውስጥ ገቡ። መንገዱ ዳር አውርዷቸው ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ጭቃው ጫማዋን ደጋግሞ ያስቀርባት ነበር። ጀሊል መልሶ እያወጣላት፣ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል ለራሱ፣ እሷ እንድትሰማው አድርጎ።

በሁለተኛው ቀን የእግር ጉዞ ረፋዱ ላይ ከአንድ ሰፈር ደረሱ። አንድ ሽማግሌ ከደጁ ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል፤ ኦቦ ዱጉማ ይባላል፣ አገር የሚሰማው ሰው ነው። ሠርከአዲስ ገና ከሩቅ፣ «ጉሉማ የሚባል፣ የታመመ ልጅ የያዘ ሰው…» ብላ ጀመረች። ሽማግሌው ፊቱን ወደ ገመዱ መለሰ። ጀሊል እጇን ያዝ አድርጎ አስቆማትና ቀርቦ ሰላምታውን ከሀ ብሎ ጀመረ፦ ሌሊቱ፣ ቤቱ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ቡናው። ሽማግሌው ሁሉንም መለሰ፤ በተራው ሁሉንም ጠየቀ። ሠርከአዲስ በውስጧ እያረረች ቆመች፤ ስንት ቀን ቀርቷት ስለ ዝናብ! ሰላምታው ሲያልቅ ሽማግሌው ገመዱን ጭኑ ላይ አሳረፈና፣ «ኦዱ?» አለ። ወሬስ? ማለቱ ነው።

«ይህን እርስዎ ነዎት የሚነግሩት» አላት ጀሊል። «ወሬው የእርስዎ ነው።»

በዚያ አገር ከሩቅ የመጣ ሰው ወሬውን ሳይሰጥ ጥያቄ አይጠይቅም። ወሬውም ከጫፉ አይቆነጠርም፤ ከመነሻው ይነገራል። ሰሚው ደግሞ መካከል ላይ አያቋርጥም፤ «ኢ… ኢ…» እያለ ይከተላል እንጂ። ሠርከአዲስ ይህን ጎባ ገበያ ዳር ሺህ ጊዜ አይታዋለች፤ ለሐኪምም እንደሚሆን አስባ አታውቅም ነበር። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ለታን ካየችበት ቀን ጀምራ ነገረችው። ቃል ሲጎድላት አማርኛ ትሞላበታለች፣ አማርኛው ሲከብድ ጀሊል ያነሣላታል። የሳቀችውን አልደበቀችም። እየጠቆመች ያለችውን ቃልም እንዳለ ደገመችው።

«ኢ» አለ ዱጉማ። ከዚያ ገመዱን ከጭኑ አንሥቶ፣ «የጉሉማን ልጅ በቃል የገደልሽው አንቺ ነሻ!» አላት።

«እኔ ነኝ።»

«ልጁ እንኳ አልሞተም። በቃል የሞተ በቃል ይነሣል። አንቺ ግን ወሬሽን ሰጥተሻል፤ አሁን ተራው የእነሱ ነው። ሳትሰሚ እንዳትናገሪ።» ተነሥቶ ራሱ መራቸው።

የጉሉማ ቤት በሰው ተሞልቶ ነበር። ከመጡ ጀምሮ ጎረቤቱ ሁሉ ሊሞት ያለ ልጅ ያለበት ቤት ነው ብሎ እየመጣ ይቀመጣል፤ ጮክ ብሎ የሚናገር የለም። ለታስ? ለታ ምሰሶውን ተደግፎ ገንፎ ይበላል! ቀና ብሎ ዶክተሯን አይቶ፣ መርፌ ትዝ ብሎት ነው መሰል፣ ሳህኑን ይዞ ወደ አባቱ ጀርባ ተሸጎጠ። ሠርከአዲስ እልል ልትል አፏ ተከፍቶ ነበር፤ ጀሊል በዓይኑ መለሳት።

«ሊሞት ያለ ሰው በመጨረሻው እንዲህ ያምርበታል» አለች ሲምቦ፣ ማንንም ሳታይ። «አንዴ በልቤ ቀብሬዋለሁ። ሁለተኛ አታስቀብሪኝ። ሂጂ።»

ስለ ደም፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ሁለተኛው መርፌ የምትለው ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጠችው። መሬት ላይ ተቀመጠችና ወሬዋን ከመጀመሪያው ለሁለተኛ ጊዜ ሰጠች፤ ባዴራን ለልጁ ሳይሆን ለእብጠቱ ማለቷን፣ አለማወቋን፣ አስተርጓሚ አልፈልግም ማለቷን። ቤቱ በሙሉ ሰማት። ስትጨርስ ወደ ሲምቦ ዞራ እንደ ሽማግሌው «ኦዱ?» አለቻት።

ሲምቦ ሻሿን አጥብቃ አሰረች። ከዚያ ወሬዋ እንደ ጎርፍ መጣ። ለታ በተወለደ ጊዜ ስለነበረው ዝናብ ነገረቻት። ጥርሱ የተነቃነቀ ቀን ስለሚያኝከው ሸንኮራ ነገረቻት። ጥርስ ነቃዩ ሲነቅለው እጁን የያዘችው እሷ መሆኗን፣ ከዚያ ወዲያ ልጇ እጇን ሲያይ እንደሚፈራ፣ ስለዚህ ጎባ ላይ እጁን ሳይሆን እግሩን ትይዝ እንደነበር። ሠርከአዲስ «ኢ» እያለች ተከተለቻት። አንድም ጊዜ አላቋረጠቻትም።

«እብጠቱ ሲቀንስ ወዴት ገባ ብዬ ልጠይቅሽ ፈልጌ ነበር» አለች ሲምቦ። «በየጠዋቱ ትመጫለሽ፣ አንገቱን ትነኪያለሽ፣ ትጽፊያለሽ፣ ትሄጃለሽ። እኔን አትጠይቂኝም። በአምስተኛው ቀን መጣሽና አለቀለት አልሽን። እየሳቅሽ! ጉሉማን፣ ለምን ትስቃለች አልሁት። ብዙ ሞት ያየ ሰው እንዲህ ይሆናል አለኝ።»

ሠርከአዲስ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ሰው ፊት አልቅሳ የማታውቅ ሴት ናት፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተንሰቀሰቀች። «አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አለች። ሲምቦ ይቅርታውን አልተቀበለችም፤ አልመለሰችውምም። «አሁን እጠይቅሻለሁ» አለቻት። «እብጠቱ ወዴት ሄደ?»

«አብዛኛው ሟሙቶ በሽንቱ ወጥቷል። ጥቂት ግን ተደብቆ ቀርቷል። እንደ አረም ነው፣ ላዩ ታጨደ እንጂ ሥሩ አለ። አምስት መርፌ ይቀረዋል።»

«ከወሰደ ይድናል?»

የጎባዋ ሠርከአዲስ ብትሆን ኖሮ «በደንብ!» ትል ነበር። «ከማይድኑት የሚድኑት ይበዛሉ» አለች አሁን፣ ጀሊል ቃል በቃል እየመለሰላት። «ያስታውከዋል፣ ጸጉሩ ይረግፋል። ትኩሳት ሊይዘው ይችላል፤ ትኩሳቱም ሊገድለው ይችላል። ካልወሰደ ግን እብጠቱ ይመለሳል። ከተመለሰ በእጄ ላይ ምንም የለኝም።»

«ትፈሪያለሽ?»

«በጣም።»

«ጎባ ሳለሽ አትፈሪም ነበር።»

«ጎባ ሳለሁ አንቺን አላውቅሽም ነበር።»

ሲምቦ ባሏን አየችው። ጉሉማ ለታን ከጀርባው ጎትቶ አወጣው፤ በአፉ ዙሪያ ያለውን ገንፎ በመዳፉ ጠረገለት። «እንግዲያው አብረን እንፍራ» አለች ሲምቦ፣ ተነሥታም የመንገድ ስንቅ መቋጠር ጀመረች።

ጎባ የገቡት በአሥራ ሦስተኛው ቀን ነው፤ ሠርከአዲስ የተሰጣትን አምስት ቀን አሳልፋ። ዶክተር ኃይለየሱስ ሰዓቱን አየና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሁለተኛው መርፌ በቀኑ ተወጋ። የለታ ጸጉር ረገፈ፣ እንደተባለው። ሦስተኛው ላይ ትኩሳት ያዘው፣ እንደተባለው፤ ሲምቦም ሠርከአዲስም ተራ እየገቡ አራት ቀን አጠገቡ ተቀመጡ። ሲምቦ ይዛው አልሄደችም። ስድስተኛውን ጥር መጨረሻ ላይ ጨርሶ አገሩ ገባ።

ከዚያ በኋላ በዚያ የሕፃናት ክፍል አንድ አዲስ ደንብ ወጣ። ሐሙስ ሐሙስ ከዙር ጉብኝት በፊት አንድ እናት ወይም አንድ አባት ወሬውን ከመነሻው ይሰጣል፤ ሐኪም እስክሪብቶ ሳይዝ ተቀምጦ ያዳምጣል፤ ጀሊል መካከላቸው ይሆናል። ወሬው ሲያልቅ ሠርከአዲስ በደብተር ትጽፈዋለች፣ በተናገሩት ቃል፣ ኦሮምኛውም እንደ ኦሮምኛው። ዶክተር ኃይለየሱስ መጀመሪያ «ቀበሌ ስብሰባ አነሰሽ እንዴ?» ብሎ ነበር፤ በሦስተኛው ወር ወንበር ይዞ መጣ። ጉሉማ በየመንገዱ ወሬውን ሲሰጥ ኖሯል መሰል፣ መንጋጋቸው ያበጠ ልጆች ከቆላው አንድ ሁለት እያሉ መጡ። በአንድ ዓመት ውስጥ አምስት ሆኑ። ሁለቱ ሞቱ። የሁለቱም ታሪክ ደብተሩ ውስጥ አለ፤ ሠርከአዲስ ስታነብበው ድምፅዋ ስለሚቆረጥ ለአዳዲስ ነርሶች የሚያነብላቸው ጀሊል ነው። አስተማሪዋ ከአዲስ አበባ ደውለው፣ ለቀዶ ጥገና ትምህርት ስሟን ላስገባ ወይ ሲሏት፣ «የካንሰር ሕፃናትን ማከም ነው የምማረው» አለቻቸው። «እንዲህ ያለ ክፍል የለንም እኮ» አሏት። «የሕፃናት ሕክምና ያስተምሩኝ፤ ክፍሉን መጥቼ እከፍተዋለሁ» አለቻቸው። አፏማ ያው ነው!

አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ይነሣት ነበር። ያ በሽታ ከተመለሰ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ነው። ለታ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር መጥቶ ታይቷል፤ ንጹሕ ነበር። የዓመቱ ቀጠሮ ጥር 1976 ላይ ዋለ። በቀጠሮው ቀን ጠዋት በመስኮት ስታይ ጉሉማ በግቢው በር ገባ። ብቻውን ነው።

ሲምቦ የለችም። ልጁ የለም። ሠርከአዲስ ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቅም። ፊቱን አየችው፤ የመንገድ አቧራ ነው እንጂ ሌላ ነገር አይነበብበትም። «ለታስ?» ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጉሉማ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ሰላምታውን ጀምሯል፤ የጀመረን ሰው ማቋረጥ ደግሞ ራሷ ባወጣችው ደንብ ነውር ነው።

ሌሊቱ ሰላም ነው። ቤቱ ሰላም ነው። ከብቱ ደህና ነው፤ ቡሬዋ ላም ወልዳለች፣ ወይፈን ነው። ዝናቡ ዘግይቶ ነበር፣ ኋላ ክሶታል። ቡናውን ዝንጀሮ ጎድቶታል። ኦቦ ዱጉማ ጉልበቱን ያመዋል። መኪናው ሳነቴ ላይ ጎማው ፈንድቶ ግማሽ ቀን ቆመዋል። ሠርከአዲስ የበረንዳውን ቋሚ ይዛ «ኢ» ትላለች። ጀሊል ከኋላዋ መጥቶ ቆሟል። ሲምቦ አራስ ናት፣ አለ ጉሉማ፤ ሴት ልጅ ተገላግላለች፣ ለዚያ ነው ያልመጣችው። «ኢ» አለች ሠርከአዲስ። እንባዋ መጥቷል።

«ለታን ላመጣው ነበር» አለ ጉሉማ። «አልሄድም አለ።»

«ለምን?» ጮኸች። ደንቡን አፈረሰችው።

«አንደኛ ክፍል ገብቷል። ዛሬ ፈተና አለው። ‹ዶክተሯ ልታየኝ ከፈለገች ራሷ ትምጣ፤ መንገዱን ታውቀዋለች› ብሎ ላከኝ።»

ሠርከአዲስ ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ እያለቀሰችና እየሳቀች፣ ለጀሊል በእጇ ምልክት ሰጠችው። ጀሊል ገብቶታል፤ የመሸኛ ደብዳቤ ሊያጽፍ ወደ ዶክተር ኃይለየሱስ ቢሮ ሄደ።